ለግርማዬ፣ ስለዚያ ቅዳሜና ስለ ኩራቢዬው

ግርማዬ፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልህ የቆየሁት የምነግርህ አጥቼ አይደለም፤ መቀመጥ አቅቶኝ ነው። ይህችን መስመር እስክጨርስ እንኳ ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ፤ አንዴ ቧንቧው የሚያንጠባጥብ መስሎኝ፣ አንዴ ደግሞ በሩን መቆለፌን ለማየት። ቧንቧው አያንጠባጥብም። በሩም ተቆልፏል።

አንተ ከሄድክ ወዲህ እንዲህ ነኝ። ሶፋውን ወደ መስኮቱ እወስደዋለሁ፣ ወደ ግድግዳው እመልሰዋለሁ፣ በሳምንቱ ደግሞ ወደ መስኮቱ። የታችኞቹ ጎረቤቶች ስሞታ አቅርበው የሕንፃው ተቆጣጣሪ መጣና ምን እንደምጎትት ጠየቀኝ። ሥራዬ ያው የአረጋውያን ቤቱ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ሺፍት የሚቀይርለት የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ ወደ እኔ ነው የሚመጣው፤ እምቢ እንደማልል ያውቃሉ። የዕረፍት ቀኔ ስትደርስ ግን እፈራታለሁ። ከሰፈራችን ከክሬሰንት ታውን እነሳና የዳንፎርዝን ጎዳና ይዤ በእግሬ እሄዳለሁ፤ የሱቁን መስኮት ሁሉ አያለሁ፣ ምንም አልገዛም፣ እግሬ ሲዝል ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር፣ በሰብዌይ፣ እመለሳለሁ።

ልጃችን ሶስና ኮሌጅ ገብታ ነርሲንግ ጀምራለች። ያ ሁልጊዜ የሚያጓራው ፍሪጅ ተቀይሯል፤ አዲሱ ድምፅ የለውም፣ እኔን ደግሞ ዝምታው ያስደነግጠኛል። ካፖርትህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት። ባለፈው እሑድ አንድ አዲስ የመጣ ሰው ለብሶት ከፊቴ ቆሞ ሲያስቀድስ አየሁ፤ እጅጌው ያጥረዋል። ቅዳሴው እስኪያልቅ ዓይኔን ከእጅጌው ላይ ማንሳት አልቻልኩም።

ልጽፍልህ የተነሳሁት ግን ስለ ኩራቢዬው ነው። ኩራቢዬው ብዬ ብጀምርም መድረሻዬ ሌላ ነገር እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

ከካርቱም በመጣን በመጀመሪያው ዓመት ለውዝ ግዢልኝ ብለህ የላክኸኝን ታስታውሳለህ? እኔም ለውዝ ገዝቼ መጣሁ፤ ያን ከቆሎ ጋር የምንበላውን። ሳቅህን ማቆም አቃተህ። "የመጽሐፍ ቅዱሱን ለውዝ ነው ያልኩሽ፣ አልሞንድ" አልከኝ። "ታዲያ አልሞንድ አትለኝም ነበር?" ብዬ ተቆጣሁ። በማግስቱ ራስህ ገዝተህ መጥተህ አልሞንዱን ቆላኸው፣ ቅቤውን በስኳር መታኸው፣ በዱቄት አቦካኸው፤ እንደ ጨረቃ አጥፈህ ኦቨን ውስጥ ከተትከው። ሲወጣ በትኩሱ የብርቱካን አበባ ውሃ ረጨህበትና በተፈጨ ስኳር ቀበርከው። ኩራቢዬ ይባላል፣ ግሪኮች ለገናቸው የሚጋግሩት የአልሞንድ ብስኩት ነው አልከኝ፤ ድሬዳዋ በግሪኩ በሙሴ ያኒ ኬክ ቤት በወጣትነትህ ስትሠራ የተማርከው። አገባሁህ፣ አብሬህ ተሰደድኩ፣ ልጅ ወለድኩልህ፤ ይህን ሙያህን ግን የዚያን ቀን ገና አወቅኩ።

ማዳም ዴስፒናን ያገኘናቸውም በዚያው ክረምት ነው። ዳንፎርዝ ላይ ከአንድ አትክልት ሱቅ ደጃፍ ቆመን እኔ በአማርኛ "ተወው፣ ይሄ ቲማቲም ተበላሽቷል" ስልህ ከኋላችን አንዲት ጥቁር የለበሱ አሮጊት "እውነትሽን ነው ልጄ፣ ከታች ያለውን ውሰጂ" አሉ። በአማርኛ። ዘወር ስንል ግሪክ ናቸው። ድሬዳዋ ተወልደው፣ ድሬዳዋ አግብተው፣ ባላቸውን እዚያው ቀብረው፣ ንብረታቸው ሲወረስ ከአንድ ልጃቸው ጋር ወደዚህ የመጡ ናቸው። አንተ የሙሴ ያኒን ኬክ ቤት ስታነሳላቸው የያዙትን ከረጢት መሬት ላይ አስቀምጠው ክንድህን ያዙ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ሙሉ ትሪ ኩራቢዬ ኢስት ዮርክ ቤታቸው ድረስ ስትወስድ ኖርክ። የእሳቸው ገና ሲደርስ እኛ ገና ጾም ላይ ነን፤ አንተ የሠራኸውን አትቀምሰውም ነበር። ቀማሿ ሶስና ነበረች። ወንበር ላይ ቆማ አፏን ትከፍትልሃለች፤ እሷ ራሷን ካልነቀነቀች ትሪው ከቤት አይወጣም።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ልምጣ። ቆይ፣ ውሃ ልጠጣ።

ዋዜማውን፣ ዓርብ ዕለት፣ የኩሽናውን ቁም ሣጥን ሳጸዳ አንድ ጽሑፉ የለቀቀ ጠርሙስ አገኘሁ። ያለፈበት ነገር መስሎኝ ጣልኩት። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት አንተ ሊጡን አቡክተህ ጨርሰህ ቁም ሣጥኑን ከፈትክ።

"የብርቱካን አበባ ውሃው የት ሄደ?"

"ያ አሮጌው? ጣልኩት።"

አልተቆጣህም። ምነው በተቆጣህ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥክና "ዛሬስ ያለሱ ይሁን፣ ደክሞኛል" አልክ። ፊትህ ነጭ ነበር፤ ዱቄት ነው ብዬ አለፍኩት። ወለሉን ልወለውል እየጠበቅኩህ ነበር፤ ከእግሬ ሥር እንድትወጣልኝ ፈለግኩ። "ለማዳም ያለ ሽታው ልትሰጣቸው ነው? ሂድ እንጂ፣ ሱቁ እዚህ ነው። በዚያውም ነፋስ ያገኝሃል" አልኩህ። ካፖርትህን ለበስክ። የጫማህን ክር ሳታስር ወጣህ። በሩ ሲዘጋ ቀና ብዬ አላየሁህም፤ ወለል እየወለወልኩ ነበር።

ከሱቁ ወጥተህ ብዙ አልሄድክም አሉኝ። አንድ መንገደኛ ነው አምቡላንስ የጠራልህ። ሆስፒታል ስደርስ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ሰጡኝ፤ ሰዓትህ፣ መነጽርህ፣ ቁልፍህ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጠርሙስ። መነጽርህ ተሰብሯል። ጠርሙሱ ምንም አልሆነም።

ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ "ወዴት ሲሄድ ነበር?" የመጀመሪያዋ ሴት ስትጠይቀኝ "እንዲያው ነፋስ ሊቀበል ወጥቶ" አልኩ። እሷ ለሌላዋ ነገረች። ሦስተኛው ቀን ላይ ቄሱም በስብከታቸው መሀል "ነፋስ ሊቀበል እንደ ወጣ" አሉ፤ ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልመልሰው? አቡክተህ የተውከውን ሊጥ ሳህን ስታጥብልን የነበረች ጎረቤት ጣለችው። ለሶስናም አልነገርኳትም። ለእሷማ ከማንም በላይ ፈራሁ። ልጅቷ ከቀብርህ በኋላ ከሚያስፈልገው በላይ አንድ ቃል አታወራኝም ነበር። ጆሮዋ ላይ ሙዚቃዋን ሰክታ ክፍሏ ውስጥ ትተኛለች፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ እሱንም አጭር። አውቃብኛለች ብዬ አሰብኩ። አባቴን የገደለችው እሷ ናት ትላለች ብዬ አሰብኩ።

አንድ ዓመት ሊሞላህ ጥቂት ሳምንት ሲቀር ማዳም ዴስፒና ደወሉ።

"ልጄ፣ አልጠይቅሽም ብዬ ነበር" አሉኝ። "ወንድ ልጄ ቤቱን ሸጦ ወደ ቫንኩቨር ሊወስደኝ ነው። እዚህ ቤት የማከብረው ገና ይሄ የመጨረሻዬ ነው። ካልሆነልሽ ተይው፤ አልቀየምሽም።"

"እሠራለሁ" አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ብሠራ ያ ቅዳሜ የሚቃናልኝ ሳይመስለኝ አልቀረም።

ግርማዬ፣ አንድም ነገር አልጻፍክልኝም። ስንት ቅቤ፣ ስንት ዱቄት፣ ኦቨኑ ስንት ላይ፤ ሁሉንም በእጅህና በዓይንህ ነበር የምታውቀው። የመጀመሪያው ትሪ ቀለጠና አንድ ትልቅ ቂጣ ሆነ። ሁለተኛው ድንጋይ ሆኖ ወጣ። ሦስተኛው መልኩ አማረልኝ። ጾም ስለሆነ አልቀምሰውም፤ ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ከአፌ ፊት ይዤ አሸትተዋለሁ። ያኔ ነው ሶስና ከክፍሏ የወጣችው። ምንም ሳትለኝ አንዱን አንስታ ነከሰች።

"ይሄ የአባዬ አይደለም" አለች። በአማርኛ።

"ምኑ ጎደለ?"

"ቅቤው አልነጣም። አባዬ ቅቤውን በእጁ ነበር የሚመታው፣ እንደ በረዶ እስኪነጣ። እጁ ሲደክመው ሌላውን ይቀይር ነበር።"

"አንቺ እንዴት አወቅሽ?"

"ማሚ፣ ሁልጊዜ አጠገቡ ነበርኩኮ።"

እጅጌዋን ሰበሰበች። ቅቤውን እሷ መታች፣ ሲደክማት እኔ ተቀበልኳት፣ ሲደክመኝ እሷ። አልሞንዱን ቆላሁ። አንዲት የእንቁላል አስኳል ብቻ መግባት እንዳለባት፣ ሊጡም ከጣት መላቀቅ ሲጀምር ዱቄት መጨመር ማቆም እንዳለብኝ እሷ ነገረችኝ። ብዙ አላወራንም፤ ግን ትከሻዋ ትከሻዬን ሲነካ አልሸሸችም። ትሪው ከኦቨን ሲወጣ ቤቱ በቅቤ ሽታ ተሞላ። ሶስና እጇን ዘረጋች።

"አሁን ውሃው። ትኩስ እያለ ነው የሚረጨው፤ ከቀዘቀዘ አይጠጣውም።"

አልተንቀሳቀስኩም።

"ማሚ፣ የብርቱካን አበባ ውሃ አልገዛሽም?"

መኝታ ቤት ገብቼ ከሆስፒታል የሰጡኝን ከረጢት ከአልጋው ሥር አወጣሁ። ጠርሙሱን ከነወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከረጢቱን አየችና ገባት፤ ሁሉ ግን አልገባትም። ነገርኳት። አሮጌውን እንደ ጣልኩት፣ ደክሞኛል እንዳልክ፣ ሂድ እንዳልኩህ። ለለቀስተኛው ሁሉ እንደ ዋሸሁ። ቆሜ ነው የነገርኳት፣ ትሪውን እያየሁ።

ፊቷ ተለዋወጠ። የሚመጣውን ስድብ ጠበቅኩ።

"ማሚ" አለች፣ "እኔ አውቅ ነበር።"

"ምኑን?"

"መታመሙን።"

ከዚያ ቅዳሜ ሦስት ሳምንት በፊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰብዌይ ጣቢያው አግዳሚ ላይ አግኝታህ ኖሯል። በዚያ ብርድ ላብህ ይወርዳል፣ እጅህ ደረትህ ላይ ነው። ልትጮህ ስትል "በሞቴ ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ትረበሻለች፤ በዓሉ ይለፍና ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ" አልካት። በሞቴ ብለህ። ልጅቷ አስምለሃታልና ዝም አለች። ዓመቱን ሙሉ ክፍሏ ውስጥ የተኛችው በዚህ ነው። እኔ ባውቅ እንደምጠላት፣ እንደማልምራት አስባ።

እውነቱን ልንገርህ፤ እጄ ተነስቶ ነበር። ልመታት ነበር። እጄን በሌላው እጄ ያዝኩና በቤት ጫማዬ፣ ያለ ካፖርት፣ ወጣሁ። ወደ ሰብዌዩ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከበታቼ ባቡሩ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ምን ታድርግ ነበር? ቁጣዬ እሷ ላይ አልቆም አለ፣ እኔም ላይ አልቆም አለ። ዞሮ ዞሮ አንተ ላይ መጣ። ጮክ ብዬ ተናገርኩህ፤ ጋሪ የምትገፋ አንዲት ሴት አይታኝ ወደ ሌላው ጠርዝ ተሻገረች። "አንዲት ቃል ምን ነበረበት?" አልኩህ። "ደረቴን አሞኛል ብትለኝ እልክህ ነበር? እንዳልረበሽ ብለህ ነው ይሄን ያወረስከኝ?" ከዚህ በፊት ተቆጥቼህ አላውቅም ነበር፣ ከሞትክ በኋላ ማለቴ ነው። ሙታንን መቆጣት ኃጢአት ይመስለኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን ጥርሴ በብርድ እየተንቀጫቀጨ ደህና አድርጌ ተቆጣሁህ። ከዚያ ልጅቷ ብቻዋን መሆኗ ትዝ ሲለኝ በሩጫ ተመለስኩ።

ጠርሙሱን ከፍታዋለች። ረጭታ፣ ስኳሩን ነስንሳ፣ አንድ በአንድ ደርድራ ጨርሳለች። ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ እስከ ክንዷ ነጭ ሆኗል።

"ይቀዘቅዛል ብዬ ነው" አለችኝ።

አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። "አንቺ አይደለሽም" አልኳት። "አንቺም አይደለሽም" አለችኝ። አላመንኳትም፤ እሷም ያመነችኝ አይመስለኝም። ግን ተባብለነዋል። አቅፋኝ ስታለቅስ ቀሚሴ ሁሉ ስኳር ሆነ፤ ሳያት ሳቅ አመለጠኝ፣ እሷም ሳቀች፣ ደግሞ አለቀስን።

በማግስቱ ትሪውን ለማዳም ዴስፒና ወሰድንላቸው። ቤቱ ባዶ ሆኗል፤ ግድግዳው ላይ የሥዕሎቹ ቦታ ብቻ ነው የቀረው፣ ካርቶን በካርቶን ላይ ተደራርቧል። አንዱን በሁለት ጣታቸው አንስተው ቀመሱ። "ስኳሩ በዝቷል" አሉ። ከዚያ ሁለተኛውን አነሱ፣ ሦስተኛውንም። ሲጨርሱ ለእሳቸውም ነገርኳቸው፤ ውሃውን ለእሳቸው ትሪ ብዬ ልኬህ እንደ ነበር። ያጣኋቸው መሰለኝ። ትሪውን የሸፈንንበትን ጨርቅ አጣጥፈው እጄን ይዘው "እኔንም ቢጠይቀኝ፣ ሂድ አምጣ እለው ነበር" አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። እንደዚያ ያለ ነገር ከቄስም ከዘመድም አልሰማሁም ነበር። አሁን ቫንኩቨር ናቸው፤ ዝናቡ አላባራ አለ ብለው ይደውላሉ፣ ሶስናን ካላገናኘሽኝ ይላሉ።

ሙት ዓመትህን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አወጣን። ሰው ሞልቶ ነበር። ከሴንት ጄምስ ታውን የመጣው የሥራ ባልደረባህ ተነስቶ ስለ አንተ ሲናገር "ምስኪን፣ ነፋስ ሊቀበል እንደ ወጣ ቀረ" አለ። ሶስና አየችኝ። ተነሳሁ። "አይደለም" አልኩ። "እኔ ነኝ ዕቃ ግዛ ብዬ የላክሁት። ታሞ ነበር፣ ደብቆን ነበር፣ ደክሞኛል ሲለኝም አልሰማሁትም።" ቆይተው ሁለት ሴቶች ተራ በተራ መጥተው ባሎቻቸውን ሐኪም ዘንድ እንዴት እንደሚወስዱ ሶስናን ሲጠይቋት አየሁ።

ከትሪው አስቀርተን ለእኛ ገና የቆጠብናትን አንዲት ኩራቢዬ ጾሙ ሲፈታ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀመስኳት። ልክ አልሆነችም፣ ግርማዬ። አልሞንዱን አብዝቼ ቆልቼዋለሁ፣ ትንሽ ይመራል። ሶስና ግን ለከርሞ እናስተካክለዋለን ብላ በደብተሯ ጻፈችው፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ።

ዕረፍት አግኝቻለሁ ብዬ አልዋሽህም። ትናንትም ሶፋውን አንቀሳቅሼዋለሁ። ዳንፎርዝንም ገና በእግሬ እለካዋለሁ። አንዳንድ ቀን ግን ሶስና ሙዚቃዋን ከጆሮዋ አውጥታ "የት ነው የምትሄጂው?" ትለኛለች፤ ካፖርቷን ለብሳ ትከተለኛለች። የሞተ ሰው መልካም መልካሙ ብቻ ነው የሚወራው፤ እኔ ግን አንተን እንደዚያ አላስብህም። ደግነትህን አስባለሁ፣ ፍርሃትህንም አስባለሁ። ሳቅህን ወደፊት ለሚወለዱት የሶስና ልጆች እነግራቸዋለሁ፤ ሕመምህን እንደ ደበቅከንም እነግራቸዋለሁ። የላክሁህ እኔ እንደሆንኩም። እስካለሁ ድረስ አንዱን ይዤ ሌላውን አልጥልም፤ ይህን ቃል እሰጥሃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ ላይ ራሴን አዞረኝ። ማሽኑን ተደግፌ አለፈልኝ፤ ድካም ነው ብዬ ዝም ልል ነበር። ማታ እራት ላይ ለሶስና ነገርኳት። ሹካዋን አስቀመጠች፣ ብዙ ጠየቀችኝ፣ ጠዋት ተነስታ ቀጠሮ ያዘችልኝ። ነገ ነው። አብራኝ ትገባለች፤ ሐኪሙ የሚለውን፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ ሁለታችንም እኩል እንሰማዋለን።

አልማዝህ